በጅቡቲ ከተማ የሕክምናውን ዋጋ ማን ይከፍል ነበር?

የጅቡቲን ታሪክ ስናስተምር ስለ ወደቡና ስለ ባቡሩ እናወሳለን እንጂ፣ ሕመምተኛው የሕክምናውን ዋጋ በምን ይከፍል እንደ ነበር የምንጠይቀው ከስንት አንዴ ነው።

በፈረንሳይ አገዛዝ ዘመን የከተማይቱ ዋና ሐኪም ቤት ፔልቲዬ ነበር። ለደመወዝተኛውም ከጊዜ በኋላ አሠሪዎች በሚያዋጡት ገንዘብ የሚታከምበት ድርጅት ተቋቋመለት። ሐሳቡ ደግ ነው። ይሁን እንጂ በወደቡ በቀን ምንዳ ጆንያ የሚሸከመው፣ በመንገድ ዳር የምትቸረችረው፣ ከብቱ አልቆበት ባልባላ የሰፈረው ዘላን በየትኛው የደመወዝ መዝገብ ላይ ይገኛል? መዋጮው ከደመወዝ ሲነሣ ደመወዝ የሌለው ከበር ውጭ ይቀራል፤ ከተማይቱ ደግሞ በእንዲህ ዓይነቱ ሰው የተሞላች ናት።

አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1977 ነፃ ወጣች፤ ክፍተቱ ግን አብሯት ኖረ። ሁሉን አቀፍ የጤና መድን ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። በዚህም አሠሪና ሠራተኛ በመዋጮ፣ ችግረኛው ደግሞ በመንግሥት ወጪ እንዲታከሙ ተደነገገ። ሠላሳ ሰባት ዓመት መሆኑ ነው!

በአገራችን የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። የደመወዝተኛው መድን አዋጅ በ2002 ዓ.ም. ቢታወጅም ሥራ ላይ ሳይውል ለዓመታት ሲቆይ፣ ማኅበረሰብ አቀፉ መድን በ2003 ዓ.ም. ከገበሬው ቤት ጀመረ።