ያገለገለ ካሜራ ከመግዛት በፊት፦ «ሆት ፒክስል» ምንድን ነው? እንዴትስ ይፈተሻል?

ሠርግና ምረቃ በማንሳት ለመተዳደር ያሰበ ሰው ሥራውን ባገለገለ ካሜራ መጀመሩ የተለመደ ነው። የካሜራው አካል መጫጫሩና ሌንሱ መሰንጠቁ በዓይን ይታያል። ምስሉን የሚቀርጸው ክፍል፣ ማለትም ሴንሰሩ፣ ያለበት ሁኔታ ግን ካልተፈተሸ አይታወቅም። ፍተሻው ገንዘብ የማይጠይቅ፣ በጥቂት ደቂቃዎች የሚጠናቀቅ ነው።

ሆት ፒክስል ምንድን ነው?

ሴንሰር ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ እጅግ ጥቃቅን ነጥቦች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ፒክስል ይባላል። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ 24 ሚሊዮን ያህል ፒክስሎች አሉት። ብርሃን ባይኖርም እንኳ ከሙቀት የተነሳ በእያንዳንዱ ፒክስል ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል። ይህ ክምችት ከጎረቤቶቹ እጅግ በልጦ የሚታይበት ፒክስል «ሆት ፒክስል» ይሰኛል። በምስሉ ላይም ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ነጭ ነጥብ ሆኖ ያበራል።

ሆት ፒክስል ከሌሎች ሁለት እንከኖች ይለያል። የሞተ ፒክስል ምንጊዜም ጥቁር ነው። በሴንሰር ላይ ያረፈ አቧራ ደግሞ በጠራ ሰማይ ፎቶ ላይ ደብዘዝ ያለ ጥላ ይፈጥራል፤ በጨለማ ፍተሻ ግን አይታይም።

ሙቀትና ከፍታ

በሴንሰር ውስጥ በጨለማ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ሙቀቱ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር በግምት እጥፍ ይሆናል። ይህ ለባሌ ነዋሪ ልዩ ትርጉም አለው። ማለዳ በጎባ ብርድ ተፈትሾ ንጹሕ የመሰለ ካሜራ፣ ወደ ደሎ መናና ወደ ብድሬ ሙቀት ሲወርድ ነጥቦቹን ሊገልጥ ይችላል። ስለዚህ ካሜራው ከመፈተሹ በፊት ለ10 ደቂቃ ያህል በቪዲዮ ቀረጻ ሊሞቅ ይገባል።

ሌላው ምክንያት ከጠፈር የሚመጣ ጨረር ነው። ጨረሩ ፒክስልን ሊጎዳ ይችላል፤ መጠኑም ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይጨምራል። በጠፈር ላይ ጉዳቱ እጅግ የበረታ በመሆኑ፣ የሀብል ቴሌስኮፕ ካሜራዎች ሆት ፒክስሎቻቸው እንዲቀንሱ በየጊዜው ሆን ተብሎ እንዲሞቁ ይደረጋሉ።

የፍተሻው ቅደም ተከተል

1. ካሜራውን በማኑዋል (ኤም) ላይ ማድረግ፤ ፎቶው በሮው ፎርማት እንዲቀመጥ መምረጥ።
2. በሜኑ ውስጥ ያለውን የኖይዝ ሪዳክሽን አገልግሎት ማጥፋት። ካልጠፋ ነጥቦቹን ይሸፍናቸዋል።
3. ሌንሱን መክደን፣ የዓይን መመልከቻውንም በጨርቅ መሸፈን።
4. አይ ኤስ ኦውን 100 ላይ አድርጎ በ1/60 ሰከንድ፣ በ1 ሰከንድና በ30 ሰከንድ ፎቶ ማንሳት።
5. አይ ኤስ ኦውን ወደ 1600 ከፍ አድርጎ መድገም።
6. በእያንዳንዱ መለኪያ ሁለት ሁለት ፎቶ ማንሳትና በኮምፒውተር 100 በመቶ አጉልቶ መመልከት።

በሁለቱም ፎቶ አንድ ቦታ ላይ የሚታይ ነጥብ ሆት ፒክስል ነው። በአንዱ ታይቶ በሌላው የሚጠፋው ያልፋል። በካሜራው ስክሪን ላይ ብቻ ታይቶ በኮምፒውተር የማይታይ ከሆነ ችግሩ የስክሪኑ እንጂ የሴንሰሩ አይደለም።

ውጤቱን እንዴት እንመዝነው?

በ30 ሰከንድ ፎቶ ላይ ነጥቦች መታየታቸው በአዲስ ካሜራም ያጋጥማል፤ ስለዚህ በዚህ ብቻ ሻጩን መውቀስ ወይም ዋጋ ማስቀነስ ተገቢ አይሆንም። አሳሳቢው በ1/60 ሰከንድና በአይ ኤስ ኦ 100 ጎልቶ የሚታይ ነጥብ ነው፤ በቀን ፎቶ ላይም ይወጣልና።

የሥራው ዓይነትም ይወስናል። በፎቶ ላይ አንድ ነጥብ በቀላሉ ይታረማል። በቪዲዮ ግን ሴንሰሩ ለረዥም ጊዜ ስለሚሠራ ይሞቃል፤ ነጥቡም በሙሽራይቱ ቀሚስ ላይ ይሁን በአዳራሹ ጨለማ ከቦታው ሳይነቃነቅ ይዘልቃል። በሳነቴ አምባ የሌሊት ሰማይ ለማንሳት የሚሻ ሰው ደግሞ ነጥቡን ከኮከብ ለመለየት ይቸገራል።

መፍትሔው

እንደ ኦሊምፐስ ያሉ ካሜራዎች በሜኑአቸው «ፒክስል ማፒንግ» የሚባል አገልግሎት አላቸው፤ ካሜራው የተጎዱትን ፒክስሎች ለይቶ በጎረቤቶቻቸው መረጃ ይተካቸዋል። በረዥም ጊዜ ፎቶ የኖይዝ ሪዳክሽን አገልግሎትን መልሶ ማብራት ይረዳል፤ ካሜራው ሁለተኛ የጨለማ ፎቶ ስለሚያነሳ ግን ጊዜው እጥፍ ይሆናል። ካሜራን በፀሐይ በጋለ መኪና ውስጥ አለመተውና በቀረጻ መካከል ማሳረፍም የነጥቦቹን ጉልህነት ይቀንሳል።

ገዢ የሆነ ሰው ፍተሻውን ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት በሻጩ ፊት ቢያደርግ፣ የተነሱትንም ፎቶዎች ቢያስቀምጥ፣ ሁለቱም ወገኖች ከኋላ ንትርክ ይድናሉ።