ከገና ሜዳ እስከ አጥቂ መስመር፦ ቢቸና፣ ሞጣና የማጥቃት ትምህርት

በእግር ኳስ አጥቂ መስመር የሚባለው ጎል የማስቆጠርና ጎል የሚሆን ኳስ የማመቻቸት ቀዳሚ ኃላፊነት የተጣለባቸው የፊት ተጫዋቾች ጥምረት ነው። ጥምረት መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንድ ጎበዝ ጎል አግቢ በተፈጥሮው ሊገኝ ቢችልም፣ አንዱ ሲሮጥ ሌላው ወዴት እንደሚሄድ ሳይነጋገሩ የሚያውቁ አራት ወይም አምስት ሰዎች ግን የሚገኙት አብረው ሲያድጉና በአንድ አሠልጣኝ እጅ ሲገሩ ብቻ ነው። ይህን ጉዳይ በምሥራቅ ጎጃሞቹ ቢቸናና ሞጣ መነሻነት መመርመር የሚገባው፣ አካባቢው እግር ኳስ ከመምጣቱ በፊት ተሰጥኦን የሚያወጣ ጨዋታም፣ ተሰጥኦን ደረጃ በደረጃ የሚያንጽ የትምህርት ሥርዓትም ስለነበረው ነው።

ሁለቱ ከተሞች ከደጀን ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ የሚገኙ ሲሆኑ፣ ቢቸና የእነማይ፣ ሞጣ ደግሞ የሁለት እጁ እነሴ መቀመጫ በመሆን ይታወቃሉ። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ደጋ የጤፍ አገር ነው፤ ክረምት ሲገባ የሚጨቀየውና በበጋ የሚሰነጣጠቀው ዋልካ መሬቱ ለኳስ እምብዛም አይመችም። ይሁን እንጂ አዝመራው ተሰብስቦ ገበሬው ፋታ በሚያገኝበት በታኅሣሥ ወር መስኩ ሰፊ የመጫወቻ ሜዳ ይሆናል፤ የገና ጨዋታም በመላው የኢትዮጵያ ደጋ እንደተለመደው ሁሉ በዚሁ ወቅት ይደምቃል።

ገና የሚለው ቃል የልደትን በዓል፣ ጨዋታውንና ጫፉ የቆለመመውን የመጫወቻ ዱላ ሳይቀር ይጠራል። የሚመታው ድቡልቡል ሩር ወይም ጥንግ ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ ከጠንካራ እንጨት ይጠረባል። የተጫዋቹ ቁጥር ገደብ የለውም፤ መንደር ከመንደር ወይም ደብር ከደብር ሲገጥም በሜዳው የተገኘው ሁሉ ዱላውን ይዞ ሊገባ ይችላል። በዕለቱ ጌታና ሎሌ ተቀላቅለው ይጫወቱ ስለነበር በጨዋታ መካከል የደረሰ ምት ቂም አይያዝበትም ነበር። ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ማርሴል ግሪዮል በ1920ዎቹ መጨረሻ ወደ ጎጃም ተጉዞ ከቆየ በኋላ በ1935 (ሁለቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ስለ ሐበሻ ጨዋታዎች ራሱን የቻለ መጽሐፍ ማሳተሙ፣ የአገሬው ጨዋታ ለጥናት የሚበቃ ቁም ነገር ሆኖ የታየው ከዛሬ ብዙ ቀደም ብሎ መሆኑን ያመለክታል።

ከገናና ከመሰል ጨዋታዎች ልማዶች ሁሉ በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው የቡድን አመራረጡ ነው። በጉልበትና በቅልጥፍና የሚመጣጠኑ ሁለት ልጆች ጥንድ ሆነው ገለል ይሉና ለየራሳቸው ስውር ስም ያወጣሉ፤ ከዚያም ወደ ሁለቱ የቡድን መሪዎች ቀርበው ስሞቹን ብቻ ያሳውቃሉ፤ መሪው ማን ከየትኛው ስም በስተጀርባ እንዳለ ሳያውቅ አንዱን ይመርጣል። በዚህ ዘዴ ጎበዙ ሁሉ በአንድ ወገን እንዳይከማች ይደረጋል። ለዚህም ልጆቹ የእያንዳንዱን ጓደኛቸውን ችሎታ ቀድመው መዝነው ማወቅ ነበረባቸው፤ ዛሬ የክለብ መልማይ የሚሠራውን ሥራ የመንደር ልጅ በሜዳ ዳር ይሠራው ነበር ማለት ይቻላል።

ገና ግን ያላስተማረውም ነገር አለ። ሩሩን ተከትሎ መትመም፣ ሳይፈሩ ዱላ መሐል መግባት፣ ከሩጫ ሳይቆሙ አጥብቆ መምታት ከዚህ ሜዳ የሚገኙ የአጥቂ ጠባዮች ሲሆኑ፣ ቋሚ የቦታ ድልድል በሌለበት ጨዋታ ውስጥ ቦታ ጠብቆ መቆም፣ ተከላካይን ወደ ጎን ጎትቶ ለጓደኛ ክፍተት መፍጠር፣ ኳስን አዘግይቶ መልቀቅ ሊዳብሩ አይችሉም። እነዚህ በሥልጠና የሚገኙ ናቸው።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸንፋለች፤ በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይም በግብፅ 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0 ተረትታለች። በሦስት ጨዋታ ዘጠኝ ጎል ገብቶባት አንድም አላገባችም። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን፣ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ጥር 13 ቀን ደግሞ በፍጻሜው ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች፤ በሁለት ጨዋታ ስምንት ጎል አስቆጠረች። በፍጻሜው ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለቱንም ጊዜ አቻ የሆነች ሲሆን፣ ጎሎቹን ግርማ ተክሌ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንድ አንድ አድርገው አገቡ። አራት ጎል ከአራት የተለያዩ ሰዎች መምጣቱ ከውጤቱ በላይ የሚናገር ነው፤ ጎሉ የአንድ ሰው ሳይሆን የመስመሩ ነበርና።

የሜዳውና የተመልካቹ ባለቤት መሆን ለዚህ ድል ማገዙ አይካድም። ሆኖም ቡድኑን የመሩት የቀድሞው የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ይድነቃቸው ተሰማና ዩጎዝላቪያዊው ስላቭኮ ሚሎሼቪች መሆናቸው መዘንጋት የለበትም። በዘመኑ በብዙ አገር የሚሠራበት አሰላለፍ አምስት ሰዎችን ወደ ፊት ያሰልፍ ነበር፦ በሁለቱ ጠርዝ የሚሮጡ ሁለት ክንፎች፣ አንድ የመሐል አጥቂ፣ በመካከላቸው ደግሞ ጥቂት ወደ ኋላ ብለው ኳስ የሚያቀብሉና ራሳቸውም ጎል የሚያገቡ ሁለት ተጫዋቾች። እንዲህ ያለው አሰላለፍ አንድ ሰው ቦታውን ሲስት መላ ቅርጹን ስለሚያጣ፣ ከግል ችሎታ ይልቅ መግባባትን ይጠይቃል።

ቢቸናና ሞጣ የዚህ ዓይነቱን አድካሚ ሥልጠና በሌላ መስክ ጠንቅቀው ያውቁታል። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ለቢቸና ቅርብ የሆነው ዲማ ጊዮርጊስም ከታወቁት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው። ቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ይጀምርና ወደ ባለ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ ከዚያም ወደ ባለ አምስት ቤቱ ዋዜማ፣ እያለ እስከ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል፤ ቤት ማለት እዚህ ላይ ስንኝ ነው። በየደረጃው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይቆጥራል። ተሰጥኦ ያለው ተማሪ ፈጥኖ ይወጣል እንጂ ደረጃውን አይዘልም። መምህሩ በአንድ ቦታ ወንበር ተክሎ ለዓመታት ስለሚቆይ ጎበዝ ልጅ ከሩቅ አገር ሳይቀር ፈልጎት ይመጣል፤ ጓደኞቹም አብረውት ያድጋሉ። የአጥቂ መስመር የሚሻው ይህንኑ የመሰለ ጉባኤ ነው፤ አካባቢው ይህን ሥርዓት ለግእዝ ቃል ያቋቋመውን ያህል ለኳስ አለማቋቋሙ የሚያስቆጭ ነው።

ትልቅ አጥቂ የነበረ ሰው ብቻውን መስመር ሊሠራ እንደማይችል ደግሞ 1974 ዓ.ም. አሳይቷል። በአፍሪካ ዋንጫ ታሪኩ ዐሥር ጎሎች ያስቆጠረው መንግሥቱ ወርቁ አሠልጣኝ ሆኖ በሊቢያ በተካሄደው ውድድር ብሔራዊ ቡድኑን ሲመራ፣ ቡድኑ ከናይጄሪያ፣ ከዛምቢያና ከአልጄሪያ ጋር ባደረጋቸው ሦስት ጨዋታዎች አንድም ጎል አላስቆጠረም። ከ31 ዓመት በኋላ፣ በ2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ወደ መድረኩ ስትመለስም በሦስት ጨዋታ ያገባችው አዳነ ግርማ ዛምቢያ ላይ ያስቆጠረውን አንድ ጎል ብቻ ነበር።

ዛሬ በአማራ ክልል በፕሪሚየር ሊግ ስማቸው የሚነሣው ፋሲል ከነማና ባሕር ዳር ከነማ መቀመጫቸው ጎንደርና ባሕር ዳር ነው። ስለዚህ በሞጣ ወይም በቢቸና ሜዳ ፍጥነቱና ምቱ የታየለት ልጅ ወደ ላይ ለመውጣት ሲያስብ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ በልጅነቱ በጥንድ ስም የተመራረጣቸውን እኩዮቹን ትቶ፣ አሯሯጣቸውን ከማያውቃቸው ሰዎች ጎን መሰለፍ ይጠበቅበታል። የቅኔው መምህር ዲማ ላይ ወንበሩን ተክሎ ተማሪውን ይጠብቃል፤ የኳሱ አሠልጣኝ የሚገኘው ግን ሌላ ከተማ ነው።