«ቀጥል» ወይስ «ጥመድ»? የፉርጎ ሥራ ቃላት ታሪክና የስያሜያቸው ችግር

የምድር ባቡር ወደ አገራችን ሲገባ ይዟቸው የመጡት ቃላት ዕድላቸው አንድ አልሆነም። መንገደኛው በዓይኑ የሚያያቸው ነገሮች ስም ሳይውል ሳያድር አማርኛ ሆነ። ሠራተኛው በሁለት ፉርጎዎች መካከል ቆሞ የሚያከናውነው ተግባር ስም ግን በሥራው ቦታ ቀረ። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ሁለተኛውን ወገን ነው፤ ምክንያቱም መዝገበ ቃላት አዘጋጁም ተርጓሚውም ዛሬ የሚቸገሩት በእርሱ ነውና።

ታሪኩ ባጭሩ እንደሚከተለው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። የመንገዱ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበረ። ኩባንያው የፈረንሳይ ስለ ነበረ የሥራው ቋንቋም ፈረንሳይኛ ሆነ፤ በ1952 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት ኢትዮጵያ እኩል ባለድርሻ ከሆነች በኋላም ፈረንሳይኛው ከጽሕፈት ቤቱና ከጥገናው ቤት አልወጣም።

ሕዝቡ ከዚህ ምን ወሰደ? «ባቡር» መነሻው በፈረንሳይኛ እንፋሎት ማለት ሲሆን በቱርክኛና በዐረብኛ በኩል ዞሮ ደርሶናል፤ እህል የሚፈጨውንም ሞተር በዚሁ ስም ጠርተንበታል። «ሐዲድ» በዐረብኛ ብረት ማለት ነው። «ፍሬን» በቀጥታ ፈረንሳይኛ ነው። «ለገሃር»ም «ላ ጋር»፣ ማለትም ጣቢያው፣ ከሚለው የተገኘ ነው፤ ይሁን እንጂ ለገጣፎንና ለገዳዲን የሚያውቅ ሰው ስሙን በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ከሆነው «ለገ» ጋር ቢያዛምደው አይፈረድበትም። ከሁሉ ይልቅ ሰፊ ጉዞ ያደረገው «ፉርጎ» ነው። በፈረንሳይኛ «ፉርጎን» ጓዝና ዕቃ የሚጫንበት የተሸፈነ ተሽከርካሪ ብቻ ነው። አማርኛ ግን ከሎኮሞቲቩ በስተኋላ የሚጎተተውን ሁሉ ፉርጎ አለው፤ ስለዚህ «የጭነት ፉርጎ» ስንል ለመነሻው ቃል ድግግሞሽ፣ ለአማርኛው ግን አስፈላጊ መለያ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። የጭነት ባቡር እንደ ተሠራ አይኖርም፤ በየጊዜው ይፈታል፣ በየጊዜውም ይገጣጠማል። አንዱ ፉርጎ ወደ መጋዘን፣ ሌላው ወደ ጥገና፣ ሦስተኛው ወደ ሩቅ ጣቢያ የሚሄድ በመሆኑ በየሐዲዱ እየተለዩ በቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ፈረንሳዮች ይህን «ማኔቭር» ይሉታል፤ ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን የእጅ ሥራ ማለት ነው። የአሜሪካ እንግሊዝኛ ደግሞ «ስዊቺንግ» ይለዋል፤ ለተርጓሚ ወጥመድ የሚሆነውም ይህ ነው። ቃሉን ከኤሌክትሪክ የሚያውቀው «ማብሪያና ማጥፊያ» ሲል፣ ከተራው ንግግር የሚያውቀው «ፉርጎ መለወጥ» ይላል። ሥራው የሚካሄድበትን ሜዳ «የባቡር ጓሮ» የሚሉም አይጠፉም፤ ጓሮ ጎመን የሚተከልበት ነው። በእኛ አስተያየት «ፉርጎ ማሰለፍ»፣ ቦታውንም «ፉርጎ ማሰለፊያ» ማለት ይበቃል።

ይበልጥ የሚያስጨንቀው ግን የማያያዙ ተግባር ነው። በቀድሞው አሠራር ሠራተኛው በሁለት ፉርጎዎች መካከል ገብቶ መንጠቆውን በእጁ ያያይዝ ነበር። በአሜሪካ ኢሊ ጃኒ በ1873 እ.ኤ.አ. በባለቤትነት ያስመዘገበው ራሱ የሚቆለፍ ማያያዣ ይህን አደጋ ለመቀነስ የመጣ ሲሆን፣ የ1893 እ.ኤ.አ. የደኅንነት ሕግ በዚያ አገር ራሱ የሚቆለፍ ማያያዣን ግዴታ አደረገው። የቻይና የጭነት ፉርጎዎችም የሚጠቀሙት በዚሁ ወገን ማያያዣ ነው። ሆኖም የአየር ፍሬኑን ቱቦ የሚያገናኝ ሰው ዛሬም በመካከል ገብቶ ማጎንበሱ አልቀረም። እንግዲህ ይህ ሰው ወይም ጓደኛው ለነጂው የሚያሰማው ቃል ምን ይሁን?

የስያሜ ሥራ ልማድ ቃልን በስምነቱ መመዘን ነው፤ «ማያያዣ»፣ «መቀጠያ»፣ «ማጋጠሚያ» እያልን በወረቀት ላይ እናነጻጽራለን። በስምነታቸው ሦስቱም ያምራሉ። በትእዛዝ አንቀጽ ሲመዘኑ ግን ነገሩ ይለወጣል። «ቀጠለ» ገመድን ከገመድ አስረዘመ ማለት ሲሆን፣ ሳያቋርጥ ሄደ ማለትም ነው። በፉርጎዎቹ መካከል ያለው ሰው «ቀጥል!» ቢል፣ ነጂው «መንቀሳቀስህን አታቋርጥ» ብሎ ሊሰማው ይችላል። ከዚህ የከፋ አሻሚነት አይገኝም። «ግጠም!»ም ቢሆን ከመግጠም እስከ መዋጋት፣ ግጥም እስከ መግጠም ድረስ የተዘረጋ ነው፤ ከዚያም በላይ ፉርጎዎች መነካካታቸውንና መያያዛቸውን አይለይም። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች ናቸው፤ የተነካካ ሁሉ አልተያያዘም። በመፍታቱ በኩልም «ልቀቅ!» ፍሬን ለመልቀቅ የሚነገር በመሆኑ ለፉርጎ ማላቀቂያ ሊውል አይገባም።

ምልክቱ በእጅ፣ በባንዲራና በፋኖስ ይሰጣል፣ ቃል ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። ይሁንና በሬዲዮ መነጋገሪያ የሚሠራ ሰው ምልክቱ ድምፁ ብቻ ነው፤ ደንቡንና መማሪያውንም የሚጽፈው በቃል ነው።

በበኩላችን «ጠመደ»ን እንመርጣለን። ፈረንሳይኛው «አትላዥ» ራሱ የሚጎትት ከብትን ከመጥመድ የመጣ ነው፤ አማርኛም በሬ ጠመደ፣ በሬ ፈታ የሚል የቆየ ጥንድ አለው። «ጥመድ!» እና «ፍታ!» በድምፅ አይመሳሰሉም፤ ሁለቱም ስለ መንቀሳቀስ አይናገሩም። ጥማድ በሬ በቀንበር ጎን ለጎን የቆመ ነው፣ ፉርጎ ግን ፊትና ኋላ ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን ፈንጂም ወጥመድም ይጠመዳል፣ ቀንበር የላቸውም። ስለዚህ መሣሪያው «መጥመጃ»፣ ሠራተኛው «ፉርጎ ጠማጅ» ቢባል፣ «ማስጠጋት»ና «ማስነካት» ደግሞ ለየራሳቸው ድርጊት ቢቀሩ መልካም ይመስለናል።

ጉዳዩን አጣዳፊ ያደረገው የሥራው ቋንቋ መለወጡ ነው። በአሮጌው ሐዲድ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ይሰጥ የነበረው አገልግሎት በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ተቋረጠ። ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር የሆነው አዲሱ መንገድ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ለገሃርን ትቶ ለመንገደኛ በለቡ፣ ለጭነት በእንዶዴ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራ በቻይና ኩባንያዎች እጅ ስለ ነበረ፣ ፈረንሳይኛው በነበረበት ቦታ ቻይንኛና እንግሊዝኛ ገቡ።

በከተማው ውስጥ ደግሞ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር አለ። ሁለቱ መስመሮቹ ከስታዲየም አካባቢ ተነሥተው በለገሃርና በሜክሲኮ በኩል በጋራ ሐዲድ እንዲሄዱ፣ ልደታ ላይም አንዱ ወደ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ወደ መርካቶ እንዲለይ ሆነው ተሠርተዋል። ልደታ ላይ ፉርጎ የሚጠምድ የለም፤ ሐዲድ የሚለይበት ምላስ ግን አለ። ፈረንሳዮች ይህን «መርፌ» ይሉታል፤ እኛ መርፌ ብንል የሚገባው የለም። «መለያያ» ከሜክሲኮ ለሚመጣው ትክክል ነው፤ ከመርካቶ ለሚመለሰው ግን ያው ቦታ የሚገናኙበት ነው። «መገናኛ» እንዳንል ስሙን በዚያው መስመር በስተምሥራቅ ያለ ጣቢያ ቀድሞ ይዞታል። «ሐዲድ መቀየሪያ» ብንለው ለሁለቱም አቅጣጫ ይሆናል፤ ትእዛዙም «ቀይር!» ነው።