የላይኛው መሥመር፤ የልጆች ውፍረት የተለካበትና ያልተለካበት ዘመን

ጀርመናዊቷ የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ሂልዴ ብሩኽ ከናዚ አገዛዝ ሸሽተው እ.ኤ.አ. በ1934 ኒውዮርክ ሲገቡ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበረች። ሐኪሟን ያስገረማቸው ግን በየመንገዱና በየባቡሩ የሚያዩአቸው የወፈሩ ልጆች ብዛት ነበር። የዘመኑ ሕክምና ለዚህ የተዘጋጀ መልስ ነበረው፤ ልጁ ከወፈረ ዕጢው ታሟል ይባላል። ቪየናዊው ሐኪም አልፍሬድ ፍሮይሊሽ በ1901 የፒቱታሪ ዕጢ ዕብጠት የነበረበትን ልጅ ታሪክ ካሳተሙ ወዲህ፣ ብዙ ወፍራም ልጆች በእርሳቸው ስም በተጠራው ሕመም ተፈርጀው የዕጢ መድኃኒት ይታዘዝላቸው ነበር።

ዶክተር ብሩኽ ከ1937 ጀምሮ ልጆቹን ይለኩ ጀመር። ፒቱታሪው የደከመበት ልጅ አጭርና ጉርምስናው የዘገየ መሆን ሲገባው፣ እነዚህ ግን ከእኩዮቻቸው ረዘም ያሉ፣ አጥንታቸው ቀድሞ የበሰለ፣ ጉርምስናቸውም ያልዘገየ ሆነው ተገኙ። መንስኤውን ከዕጢ ይልቅ በቤተሰቡ ኑሮና በገበታው ዙሪያ ፈለጉት። ወቀሳውን በእናቶች ላይ ማብዛታቸው ዛሬ ሲታይ ፍትሐዊ አይደለም፤ ሜትርና ሚዛን የባለሙያን ግምት እንደሚያርም ማሳየታቸው ግን አይካድም።

በድሃ አገሮች የነበረው ሥጋት ሌላ ነበር፤ ተገቢም ነበር። ዶክተር ዴቪድ ሞርሊ በምዕራብ ናይጄሪያ ገጠር ሲሠሩ ያዘጋጁት የዕድገት መከታተያ ካርድ ሁለት መሥመሮች ነበሩት፤ የነርሷ ዓይን ግን በታችኛው ላይ ያርፍ ነበር፤ ካርዱ የተሠራው የሚከሳውን ልጅ ቀድሞ ለማግኘት ነውና። በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት የክንድ ዙሪያ መለኪያም ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም አለው፤ አረንጓዴው ግን ወደ ላይ ማብቂያ የለውም። ብዙ ሕይወት ያተረፈ መሣሪያ መሆኑ አያከራክርም። ይሁንና የተሠራው አንድ ዓይነት አደጋ ብቻ እንዲያይ ነው።

በዚህ መካከል ዓለም ተለወጠች። በአሜሪካ ከ6 እስከ 11 ዓመት ከሆናቸው ልጆች መካከል ከመጠን ያለፈ ውፍረት የነበራቸው በ1976-80 6.5 በመቶ ሲሆኑ በ2017-18 20.3 በመቶ ደረሱ። በዓለም ደረጃ ከ5 እስከ 19 ዓመት ባሉት ላይ የተደረገው ስሌት በ1975 11 ሚሊዮን፣ በ2016 ደግሞ 124 ሚሊዮን አሳይቷል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት በ2025 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በዚህ የዕድሜ ክልል ከመጠን በላይ የወፈሩት ከክብደት በታች ከሆኑት ለመጀመሪያ ጊዜ በልጠዋል፤ ከዚህ ውጭ የሆኑት ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካና ደቡብ እስያ ናቸው።

ታዲያ ረኃብን የምታውቅ አገር ገና ጊዜ አላት ማለት ነው? ሆላንዶች ከ1944 እስከ 1945 በነበረው የጦርነት ክረምት ክፉኛ ተርበው ነበር። በ1976 የታተመው ጥናት በዚያ ወቅት የተፀነሱና የተወለዱ 300,000 ያህል የ19 ዓመት ወጣት ወንዶችን የወታደራዊ ምርመራ መዝገብ ሲያገላብጥ፣ እናቶቻቸው በእርግዝናው የመጀመሪያ አጋማሽ ከተራቡባቸው መካከል ውፍረት በዝቶ ተገኘ። ረኃቡ በእርግዝናው መጨረሻና ከወሊድ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት በደረሰባቸው ላይ ደግሞ አንሶ ታየ። ረኃብና ውፍረት እንግዲህ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ተከታትለው ሊመጡ ይችላሉ።

የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ2016 ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ፣ 1 በመቶው ብቻ ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው መሆኑን አስፍሯል። ቁጥሩ ያጽናናል። ነገር ግን በጥናቱ የሚመዘኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉትና ከ15 ዓመት ጀምሮ ያሉት ናቸው፤ በመካከል ያለው የትምህርት ቤት ዕድሜ አይመዘንም። በቤት ውስጥም የሚያስደነግጠው «ከሳ» የሚለው ቃል ነው፤ የወፈረው ልጅ «አምሮበታል»፣ «ተመችቶታል» ይባላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እና በ2007 ያወጣቸው ሠንጠረዦች የላይኛውን መሥመር በግልጽ አስቀምጠዋል። ከአምስት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ክብደት ለቁመት ከ+2 ሲያልፍ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ+3 ሲያልፍ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነው፤ ከ5 እስከ 19 ዓመት ላለው ደግሞ ቢ.ኤም.አይ ለዕድሜ ከ+1 እና ከ+2 ሲያልፍ። ሁለቱም ስሌቶች ቁመትን ይጠይቃሉ። ለመድኃኒት መጠን ሲባል ተመዝኖ፣ ቁመቱ ሳይለካ ወደ ቤቱ የሚመለስ የ10 ዓመት ልጅ በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ አይገኝም።