ላሊበላንና ይምርሐነ ክርስቶስን ለሚጎበኝ ሙስሊም፦ ከጉዞ በፊት ማወቅ ያለብን



ላስታን ማየት የሚፈልግ ሙስሊም፣ ከአዲስ አበባም ይነሳ ከጅዳ፣ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ምን እበላለሁ? የት እሰግዳለሁ? ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መግባትስ እንዴት ይታያል? መምህር በነበርኩበት ጊዜ ለትምህርታዊ ጉዞ ስንዘጋጅ የሙስሊም ተማሪዎች ወላጆች የሚያነሱትም ይህንኑ ነበር። ጥርት ያለ መልስ ሲያጡ ልጃቸውን ያስቀሩ ነበሩ። ልጁም የገዛ አገሩን ቅርስ በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ያውቃል። ዝግጅቱ ግን ያን ያህል ከባድ አይደለም።

ቦታዎቹ

ላሊበላ ቀድሞ ሮሃ ትባል የነበረች የዛግዌ ነገሥታት መናገሻ ከተማ ናት። 11ዱ ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል።

በዛግዌው ንጉሥ ስም የሚጠራው ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በመኪና መንገድ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ይህኛው ከአለት የተፈለፈለ አይደለም። በሰፊ ዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ እየተደራረበ በአክሱማውያን ስልት የተገነባ ሲሆን፣ ከላሊበላዎቹ እንደሚቀድም ይታመናል።

መንገዱ

ከቦሌ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በመኪና የሚሄድ በደሴና በወልድያ አድርጎ ጋሸና ይደርሳል፤ ከጋሸና ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት መንገዱ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ በመነሻችሁ ዕለት ጠዋት እዚያው ላለ ሰው ደውላችሁ ሳታረጋግጡ አትውጡ። በሌሊትም አትጓዙ። ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚወስደው መንገድ በክረምት ስለሚጨቀይ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል። መኪናው ከቆመ በኋላ በጽድ ዛፎች መካከል በእግር የሚወጣ ዳገት አለ። አረጋውያንን ይዛችሁ ከሆነ ጊዜ ጨምሩ።

ምግብ

ስለ አህለል ኪታብ እርድ በፊቅህ መጻሕፍት ሰፊ ማብራሪያ አለ። በአገራችን ልማድ ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የየራሱን እርድ ነው የሚበላው። ላሊበላ አብዛኛው ነዋሪዋ ክርስቲያን በመሆኑ የሙስሊም ሥጋ ቤት በየመንገዱ አገኛለሁ ብላችሁ አትሂዱ። ሥጋ ካማራችሁ ደሴ ወይም ወልድያ ላይ ብሉ።

ላሊበላ ስትደርሱ ቀላሉ መፍትሔ የጾም ምግብ ማዘዝ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ድንች በዘይት ተሠርቶ ይቀርባል። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ በፍልሰታና ከኅዳር 15 ጀምሮ በነቢያት ጾም ያለ ችግር ታገኙታላችሁ። በሌላ ቀን ከሆነ ቀደም ብላችሁ እዘዙ፤ ድስቱ ሥጋ ያልነካው እንዲሆን በትሕትና ንገሩ። ጠላ ወይም ጠጅ ሲቀርብላችሁ «ሙስሊም ነኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ማለት ይበቃል። ወሎ ውስጥ በዚህ የሚቀየም የለም። ይልቅ ቡናውን ጠጡ።

ሶላት

ከአዲስ አበባ ወይም ከወልድያ የመጣ ሰው ሙሳፊር ነው። ብዙዎቹ ዓሊሞች የሚያስቀምጡት የጉዞ ርቀት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ዙህርን፣ ዐስርንና ዒሻን ሁለት ሁለት ረከዓ አድርጎ ያሳጥራል። መግሪብና ሱብሒ አያጥሩም። ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻ ማጣመር በሻፊዒይ መዝሀብ ይፈቀዳል፤ ሐነፊዮች ግን በዚህ ይለያሉ። ኑሮው ላሊበላ ሆኖ ይምርሐነ ክርስቶስ ደርሶ የሚመለስ ሰው በዚህ ልክ ሙሳፊር ስላልሆነ አያሳጥርም። ሙሳፊር ጁሙዓ ግዴታው ባይሆንም፣ ዓርብ መንገድ ላይ ከዋላችሁ ደሴ ወይም ወልድያ ላይ መስገድ ትችላላችሁ።

ቂብላው ለመያዝ ቀላል ነው። መካ ከላስታ በስተ ሰሜን ናት፤ ወደ ምሥራቅ የምታዘነብለው ጥቂት ብቻ ነው። ስልካችሁ ባይሠራ እንኳ ጠዋት ፀሐይ የወጣችበትን አስታውሱ፦ ወደዚያ ስትዞሩ ግራ እጃችሁ ሰሜን ነው። ስትሰግዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ፣ መኪናው በቆመበት አካባቢ ገለል ብላችሁ ስገዱ። የውዱእ ውሃ በጀሪካን ያዙ።

መግባትና አደብ

ሙስሊም ለጉብኝት ቤተ ክርስቲያን መግባቱን በተመለከተ ዑለማዎች ይለያያሉ። የፈቀዱ አሉ፤ ሥዕል ባለበት መግባትን የጠሉም አሉ። በይምርሐነ ክርስቶስ ውስጥ ጥንታዊ የግድግዳ ሥዕሎች ስላሉ፣ ከመሄዳችሁ በፊት የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። ላለመግባት የመረጠም ጉዞው ከንቱ አይቀርም። ዋሻውንና የሕንፃውን ግድግዳ ከውጪ ማየት ይቻላል።

የሚገባ ሰው የሚከተሉትን ይጠብቅ።

ቅዳሴ ባለበት ሰዓት ለጉብኝት አትግቡ።

ጫማ ደጃፍ ላይ ይወለቃል። መስጊድ ስንገባ እንደምናደርገው ነውና ለእኛ አዲስ አይደለም።

መጋረጃ የተጋረደበት መቅደስ ለካህናት ብቻ ነው፤ አትጠጉ።

ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ብልጭታ (ፍላሽ) ሥዕል ይጎዳል።

ከሕንፃው በስተኋላ ዋሻው ውስጥ የብዙ ሰዎች አጽም አለ። አትንኩ፤ ከጎኑ ቆማችሁም ፎቶ አትነሱ።

ስለ እምነት ክርክር አትክፈቱ። ካህኑ ታሪኩን ሲነግራችሁ በጥሞና ስሙ።

የሚያዝ

ባትሪ (ውስጡ ጨለማ ነው)፣ ወፍራም ካልሲ፣ የብርድ ልብስ፣ ቴምርና ውሃ፣ ዝርዝር ብር። የይምርሐነ ክርስቶስ መግቢያ ትኬት ከላሊበላው የተለየ መሆኑን አትርሱ። ታኅሣሥ መጨረሻ ለገና ምዕመናን ከየአገሩ ስለሚጎርፉ ማረፊያ ይጠፋል፤ ጸጥታ የሚፈልግ ሌላ ሳምንት ይምረጥ።

እኛም መስጊዳችንን ሊያይ የመጣ እንግዳ ጫማውን አውልቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲገባ ደስ ይለናል። ላስታ ላይ እንግዶቹ እኛ ነን። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ አላህ መንገዳችሁን የሰላም ያድርገው።

ወላሁ አዕለም።