በተቃራኒ ወገን ወረዳ፦ የሚድሎዚያን የምርጫ ዘመቻ

የአንድ ፓርቲ አቋምና የአደረጃጀት ብቃት በሚገባ የሚፈተነው ደጋፊ በሞላበት አደባባይ ሳይሆን ተቃራኒው ወገን ሥር በሰደደበት ወረዳ ነው። ዊልያም ግላድስተን በስኮትላንድ፣ በሚድሎዚያን ወረዳ ያካሄዱት ዘመቻ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ይሆናል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሊበራል ፓርቲው ግላድስተን በ1874 በተደረገው ምርጫ ተሸንፈው የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ሥልጣን ለወግ አጥባቂው ለዲዝራኤሊ አስረክበው ነበር። እኒህ ዲዝራኤሊ በ1868 የመቅደላ ዘመቻ ሲፈጸም የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ናቸው። ሚድሎዚያን ደግሞ የታላቁ ባለርስት የባክሉ መስፍን ተጽዕኖ የሰፈነበት ወረዳ ሲሆን፣ የምክር ቤቱን መቀመጫ የያዙትም የመስፍኑ ልጅ ሎርድ ዳልኪዝ ነበሩ። የመራጩ ቁጥር ከሦስት ሺህ እምብዛም አይበልጥም። የመምረጥ መብት ከንብረት ጋር የተያያዘ በመሆኑም ርስት እየተሸነሸነ በወረዳው የማይኖሩ ሰዎች ሳይቀሩ በመራጭነት ይመዘገቡ ነበር።

ግላድስተን ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው፣ ኖቬምበር 24 ቀን 1879 ከሊቨርፑል በባቡር ተነሡ። ባቡሩ በቆመባቸው ከተሞች ለተሰበሰበው ሕዝብ ንግግር እያደረጉ ኤዲንብራ ገቡ። በመስፍኑ ቤተ መንግሥት አጠገብ በምትገኘው በዳልኪዝ ከተማ የመምረጥ መብት ላልነበራቸው ሴቶች ሲናገሩ፣ በአፍጋኒስታን በረዷማ መንደሮች የሚኖር ሰው ሕይወት በእግዚአብሔር ፊት ከእነርሱ ሕይወት እንደማያንስ አስገነዘቡ። በኤዲንብራው የዋቨርሊ ገበያ አዳራሽም ሃያ ሺህ ያህል ሕዝብ አዳመጣቸው።

ለሦስት ሺህ መራጭ ሃያ ሺህ አድማጭ ምን ያደርጋል? ምሥጢሩ በቴሌግራፍ ላይ ነው። ማታ የተነገረው ቃል በሽቦ ተላልፎ በማግስቱ ጠዋት በመላው አገር ጋዜጦች ይታተም ነበር። ስለዚህ የተቃራኒው ወገን ወረዳ መድረክ ሆነ፤ አድማጩ ግን አገሩ በሙሉ ነበር።

ይሁን እንጂ መቀመጫው የተገኘው በአንደበት ብቻ አይደለም። ግላድስተን ለመወዳደር ከመስማማታቸው በፊት የፓርቲው አደራጆች የመራጮችን መዝገብ መርምረው የማሸነፍ ዕድላቸውን መዝነው ነበር። በ1872 የወጣው የምሥጢራዊ ድምፅ አሰጣጥ ሕግም የመስፍኑን መሬት የተከራየው ገበሬ ጌታው ሳያየው እንዲመርጥ አስችሎታል። ጥንቃቄውም አልተጓደለም፤ በዚያው ምርጫ የሊድስ ከተማም ግላድስተንን መርጣለች። በአፕሪል 1880 ግላድስተን 1,579፣ ሎርድ ዳልኪዝ 1,368 ድምፅ አገኙ። ልዩነቱ 211 ብቻ ነበር። በዚያው ወር ግላድስተን እንደገና ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ነገር ግን ቃልን የሚፈትነው ምርጫ ብቻ አይደለም። በባዕድ ሕዝብ ላይ የሚደረገውን ጦርነት ያወገዙት እኒሁ ሰው በ1882 እስክንድርያን አስደብድበው ግብፅን አስያዙ። በ1884 በተፈረመው የዓድዋ ውል መንግሥታቸው የኢትዮጵያ ዕቃ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር በምፅዋ በኩል በነፃ እንዲተላለፍ ለአፄ ዮሐንስ ቃል ገብቶ ነበር። ዓመት ሳይሞላው፣ በፌብሯሪ 1885 ኢጣሊያ ምፅዋን ስትይዝ ግን ይኸው መንግሥት ፈቃደኛ ሆኖ ተገኘ። በዳልኪዝ አዳራሽ ለሩቅ አገር ሰው ሕይወት የተነገረው ቃል ቀይ ባሕርን አልተሻገረም። የሚድሎዚያን ዘመቻ የተቃራኒን ወረዳ እንዴት ማሸነፍ እንደሚቻል ያስተምራል፤ ያሸነፈ ሰው ቃሉን እንዴት እንደሚጠብቅ ግን አያስተምርም።