የተራቀቁ ቁሶች፡ ለጤና፣ ለሙቀት ጥበቃና ለኃይል አቅርቦት

ውሕድ ቁስ የሚባለው የተለያየ ባሕርይ ያላቸው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቁሶች ተጣምረው፣ ለየብቻቸው የማይሰጡትን ጥቅም የሚሰጡበት ቁስ ነው። አሠራሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ለቤት ግንባታ ጭድ ከጭቃ ጋር የሚቦካው ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ለመከላከል ነው። በዘመናዊው ውሕድ ቁስ የጭቃውን ቦታ ሬዚን የተባለ ሙጫ፣ የጭዱን ቦታ ደግሞ የመስታወት ወይም የካርቦን ቃጫ ይተካል።

ናኖ ቁስ በበኩሉ ቢያንስ በአንድ አቅጣጫ ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር የሚለካ ነው። አንድ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። ቁስ ወደዚህ መጠን ሲወርድ ከክብደቱ አንጻር የገጽ ስፋቱ እጅግ ይጨምራል፤ ቀለሙና ሌሎች ባሕርያቱም ሊለወጡ ይችላሉ።

በጤናው መስክ

በአብዛኞቹ የወባ ፈጣን መመርመሪያዎች ላይ የሚታየው ቀይ መስመር የወርቅ ናኖ ቅንጣቶች ክምችት ነው። በጌጥነቱ ቢጫ የሆነው ወርቅ በዚህ መጠን ቀይ ሆኖ ይታያል። ቅንጣቶቹ የወባ ተውሳክን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ስለተለበጡ፣ ፕሮቲኑ በደም ውስጥ ሲኖር በምርመራው መስመር ላይ ይሰበሰባሉ። የመቆጣጠሪያው መስመር ካልታየ ውጤቱ ዋጋ ስለማይኖረው ምርመራው በአዲስ መመርመሪያ ይደገማል። የመቆጣጠሪያው መስመር ከታየ ግን ደብዛዛ የምርመራ መስመርም ቢሆን እንደ አዎንታዊ ውጤት ይቆጠራል።

በሙቀት ጥበቃ

ሳሙኤል ኪስለር እ.ኤ.አ. በ1931 ይፋ ያደረገው ኤሮጄል ከይዘቱ ከ90 በመቶ በላይ አየር ሊሆን ይችላል። ቀዳዳዎቹ እጅግ ጠባብ በመሆናቸው አየሩ ሙቀትን እንደልብ ማስተላለፍ አይችልም። በዚህም ምክንያት ለኢንዱስትሪ ቧንቧዎችና ለማርስ ተሽከርካሪዎች ሙቀት መከላከያነት ውሏል። የማምረቻ ዋጋው ውድነት ግን ስርጭቱን ገድቦታል።

በኃይል አቅርቦት

በአዳማና በአሸጎዳ እንዳሉት ባሉ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተርባይን ክንፎች በዋናነት የሚሠሩት ከመስታወት ቃጫ ውሕድ ነው፤ ቀላልም ጠንካራም መሆን ይጠበቅባቸዋልና። ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የሚያገለግለው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪም ኤሌክትሪክን በሚገባ እንዲያስተላልፍ፣ የቁሱ ቅንጣቶች እጅግ አንሰው በካርቦን ይለበጣሉ።

ጥንቃቄና ቀጣይ አቅጣጫ

በሬዚን የተጣበቀ የተርባይን ክንፍ እንደ ብረት ቀልጦ ዳግም አይሠራም። ብናኝ ናኖ ቅንጣቶችም ከአየር ጋር ሲሳቡ ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ሊደርሱ ይችላሉ። ስለሆነም የእንሰትንና የሲሳልን ቃጫ ለመሳሰሉ የአገር ውስጥ ግብዓቶች የሚደረገው ምርምር ጥንካሬን ብቻ ሳይሆን የሠራተኛውን ደኅንነትና የቁሱን የመጨረሻ አወጋገድ ጭምር ከጅምሩ ሊመዝን ይገባል።